ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር

ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስቼ ሳጣጥፈው እማዬ ያፈርኩበት ይመስላታል።

«እሺ፣ አንሺው። የኔ ነገር ለእናንተ ዕቃ አይሆንም» ትላለች።

«እንደሱ አይደለም እማዬ። ይሞቃል።»

«ስንት ዓመት ለብሶት ኖሮ ዛሬ ሞቀው?»

እውነቷን ነው። ድሮ ምንም አይሆንም ነበር። የነካካው ወንድሜ ማቲያስ ነው። ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ «ኦቨርክሎክ» አድርጎታል። ቅዳሜና እሁዱን ሁሉ ሲያስነሳው፣ ሲጠፋበት፣ መልሶ ሲያስነሳው ከረመ። ለጌሙ ብሎ ነው፤ ግን ለኔ እንዳደረገው ያወራል። «ላንቺ ቪዲዮ እኮ ነው የምለፋው፣ ልዕልት። ነፃ ስፒድ ነው።» ወደ ነበረበት እንዲመልሰው አንዴ ለምኜው ነበር። «ዶንት ወሪ» አለኝ። ደግሜ አልጠየቅኩትም።

ዛሬ የተጫነበት የኔ ፊልም ነው። እዚሁ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ስቱዲዮ ለሥራ ፈተና አሠርቶኛል። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ እስከ ፈተና ያደረሰኝ ሌላ ቦታ የለም። ኮምፒውተሩ አቀናብሮ እንደጨረሰ፣ ማታ መቀበያው ከመዘጋቱ በፊት እልከዋለሁ። ሙቀቱ የሚወጣው በአናቱ ነው፤ እጄን ሳስጠጋ ይፋጃል።

የእማዬ ጓደኛ እትዬ ኤልሳቤጥ ሊጠይቁን ከውድብሪጅ እየመጡ ነው። እማዬ ቴሌቪዥኑን አልብሳለች፣ የሶፋውን ክንዶች አልብሳለች። ያጣጠፍኩትን ዳንቴል ይዛ መሀል ቤት ቆማለች። ፓርኪንግ ስትሠራ፣ በዚያች ጠባብ የገንዘብ መቀበያ ቡዝ ውስጥ፣ አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪመጣ የሠራችው ነው። ዳር ዳሩን በጣቷ ታቃናለች።

ተቀብያት ኮምፒውተሩን መልሼ አለብሰዋለሁ። ፊቷ ይፈታል።

እትዬ ኤልሳቤጥ ገና ከመቀመጣቸው የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ይጮኻል።

«ምንድነው እንዲህ የሚያጓራው?»

«የማቲያስ ሥራ ነው» ትላለች እማዬ፣ ደስ ብሏት። «አፍጥኖት እኮ ነው። ይጫወቱ፣ እሱን ይተዉት።»

ጩኸቱ በአንዴ ይቆማል። ስክሪኑ ጠቁሯል። አስነስቼ ስፈልግ ፊልሙ የለም። ማቀናበሩን ከመጀመሪያው ብጀምር ለማታ አልደርስም።

ማቲያስ ከመኝታ ቤት ይወጣል። ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ ያነሳዋል።

«ሲሪየስሊ? ማነው ይሄን ያደረገበት?»

እማዬ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ትከታለች። እትዬ ኤልሳቤጥ ምንጣፉን ያያሉ።

«እኔ ነኝ» እላለሁ።

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ?»

መልስ አለኝ። እንግዳ ፊት ስለሆነ አልናገረውም። እማዬ ተነስታ ዳንቴሉን ከእጁ ትቀበለዋለች፤ ከዚያ የቴሌቪዥኑንም፣ የሶፋውንም አንድ በአንድ ታነሳለች።

ማቲያስ እዚያው ቆሞ ስልኩን ያወጣና ለኮምፒውተሩ ትልቅ ማራገቢያ ያዝዛል።