የአምባዛ ዝምድና

የከተማዋ ብቸኛ ልኳንዳ ቤት ለጾም ሲዘጋ፣ ባለቤቱ ሳይሸጥ የተበላሸበትን ሥጋ እንደ ልማዱ ወስዶ አዋሽ ውስጥ ደፋው። በማግሥቱ ሽማግሌዎች ሴት ልጁን ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ሊጠይቁ መጡ።

«ልጄን? ለእናንተ?» አለ፣ እግሩን አነባብሮ። «እኔ የደፋሁትን ጥንብ አምባዛ ይበላዋል፤ አምባዛውን ደግሞ እናንተ ትበሉታላችሁ። የእኔን ጥንብ ከሚበላ ጋር አልዛመድም!»

ሚስቱ ይታክቱ ከንፈሯን ሸርመም አድርጋ አየችው። ኩራት ራቱ! አፉን ሞልቶ ይሳደባል እንጂ፣ ከተጠበሰ በኋላ አምባዛን ከቆሮሶ መለየት እንኳ አይችልም። ጓዳ ገብታ የተጠበሰ ዓሣ አቀረበች።

ሽማግሌዎቹ ተቀይመው አንቀምስም አሉ። እሱ ግን ጣቱን እየላሰ ሳህኑን ጠራረገው።

«ዓሣ ማለት እንዲህ ነው! ንጹሕ የሐይቅ ቆሮሶ! እስቲ ድገሚልኝ።»

ይታክቱ ሌላ ሳህን አምጥታ ከፊቱ አስቀመጠችለት። ጠዋት የአምባዛውን ሆድ ስትቀድ ያገኘችው ቁራጭ ጮማ ተጋድሞበታል፤ የቄራው ሰማያዊ ማኅተም አሁንም ይነበባል።