አደራ የተባለው ጨርቅ

አስተማሪው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጅረቱ ውስጥ ቆሟል። ከጥቁሩ ጨርቅ ጥላ ሥር ያወጣውን ነጭ ሴራሚክ በአውራ ጣቱ ይፍቀዋል፤ ጣቱ አረንጓዴ ይሆናል።

«ይኼ ባዶ መሆን ነበረበት» ይላል።

«ሥሩ ማዳበሪያ አስሬበታለሁ እኮ፣ መምህር» ትላለች ልጅቷ፣ ከጎኑ ውሃው ውስጥ ቆማ።

«ማዳበሪያ ብቻውን ምን ያደርጋል? አልጌ ብርሃን ካላገኘ የቱንም ያህል ብትመግቢው አያድግም። ይኼን ልታሳዪ አይደል ጨርቁን የሰቀልሽው? ፀሐይ ላይ ካለው ሴራሚክ ጋር መንታ ሆኗል! ወይ አቀያይረሻቸዋል፣ ወይ ጨርቁን የሰቀልሽው እኔ እመጣለሁ ስል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለውድድር አላቀርብም።»

«እማማ ትሙት! አንድም ቀን አልወረደም። ቀን ቀን የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ይጠይቋት!»

አያትየዋ ዳር ላይ ቆማለች። የተማለባት ሞት እዚያው ከች ቢልላት አትጠላም።

ጨርቁ የትምህርት ቤቱ ነው። ልጅቷ የብርሃኑንም የማዳበሪያውንም ነገር አንድ በአንድ አስረድታት ነበር፤ አያትየዋ ግን የሰማችው መጨረሻ ላይ ያለቻትን «አደራ ጨርቄን!» ብቻ ነው። በዚህ በኩል መንገደኛው ብዙ ነው። ቢሰርቁትስ? ነፋስ ቢወስደውስ? የሰው ንብረት ከየት አምጥታ ትተካለች፣ የኔ ምስኪን! እናም ጠዋት ጠዋት፣ የልጅቷ ጀርባ ከመታጠፊያው ሲሰወር፣ ታወርደዋለች። አጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ሲደርስ መልሳ ትሰቅለዋለች።

«ወርዶ ያውቃል እንዴ፣ እናቴ?» ይላል አስተማሪው ወደ አያትየዋ ዞሮ።

«ኧረ... ማን ያወርደዋል ብለህ» ትላለች። ምላሷ ከሐሳቧ ቀድሞ ነው የዋሸው። ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ይኸው!» ልጅቷ በድል አድራጊነት የጨርቁን ጫፍ ትስባለች። ጨርቁ አራት ማዕዘን የእጥፋት መስመሩን እንደያዘ ይዘረጋል። የብል መድኃኒት ሽታ አፍንጫዋን ይመታዋል፤ የአያቷ ሣጥን ሽታ። እጇ ባለበት ይቀራል። ቀና ብላ አያቷን ታያለች፤ ብዙ አታያትም፣ ወዲያው ዓይኗን ወደ ውሃው ትመልሳለች።

«ተምታቶብኝ ነው፣ መምህር» ትላለች ቀስ ብላ። «አቀያይሬያቸው ነው።»

አስተማሪው ራሱን እየነቀነቀ ሴራሚኩን ወደ ቦታው ይመልሳል።

አያትየዋ እጇን ወደ አንገቷ ትሰዳለች። ቁልፉን ከነክሩ ታወጣና፣ ፊት ለፊቷ ይዛው፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ አስተማሪው ውሃው ውስጥ ትገባለች።