የባላምባራስ መሐላ

ባላምባራስ ድልነሳሁ በእግዜርም በእናታቸውም አይምሉም። መሐላቸው አንድ ነው፤ «ጃንሆይ ይሙት።» ንጉሡን ከገዛ ነፍሳቸው አብልጠው ስለሚወዱ በእሳቸው ምለው ዋሽተው አያውቁም። ይህን አገር ያውቃል፤ ዳኛ እንኳ ከዚህ መሐላ ወዲያ ምስክር አይጠራባቸውም።

አንድ ጠዋት ሚስታቸው ለሚካኤል ዝክር ያስቀመጡት ጠጅ ጎድሎ አገኙት።

«እርስዎ ነዎት የጠጡት?»

ባላምባራስ ጢማቸውን ጠረግ አደረጉ። ልማድ ሆኖባቸው አፋቸው ቀደማቸው።

«ጃንሆይ ይሙት፣ አልቀመስኩም።»

ሚስትየው አመኑ። ገና ጋኑን ሳይከድኑ ከገበያው በኩል ነጋሪት ተጎሰመ፤ አዋጅ ነጋሪው ንጉሡ ማረፋቸውን ተናገረ።

ባላምባራስ መሬት ላይ ተደፉ። ሚስትየው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለለቅሶ ሲወጡ ከደጃፉ ዞር አሉ።

«እንግዲያው ጠጁን የጠጡት እርስዎ ነዎታ» አሉ።