እፍኝ ዱቄት

ባሕሩ ሎጊያ ከተማ ደጃፍ ከደረሰ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፦ ለውሃው ደህንነት መመስከሪያ በየቤቱ ከሚኖረው የገንዳ ዓሣ የሞተበት ቤት ቧንቧው ይዘጋል፤ የውሃ ድርሻውም ለጎረቤቱ ይሆናል። መይረም በየማለዳው ጣቷን ከመስታወት ገንዳዋ ነክራ ትልሳለች። ጨዉ ልክ ነው፤ ዓሣው ግን ከትናንት ጀምሮ በጎኑ ተንጋዶ ያጣጥራል።

ከገበያ ስትመለስ ጎረቤቷ ያዮ ቤቷ ገብቶ፣ እጁን ጨብጦ፣ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሏል።

"ጨው ልትሞጅርበት ነው አይደል? ልጆቼን በውሃ ጥም ልትፈጅብኝ!"

"መይረም፣ እህቴ፣ ቆዪ..."

ዘነዘናውን ከሙቀጫው መዛ በተጨበጠው እጁ ላይ አሳረፈችበት። አጥንቱ ሲንኮታኮት ሰማችው፤ አልበቃትም። ሁለተኛው ምት ግንባሩን ፈነከተው። ያዮ ተዘረረ፤ ከእጁ ነጭ ዱቄት ወለሉ ላይ ተበተነ።

እያለከለከች ዱቄቱን ቀመሰችው። ጨው አይደለም።

"የእንቁላል ቅርፊት ነው" አለ ያዮ እያቃሰተ። "ውሃሽ ኮምጥጧል። የኔንም ዓሣ ያዳንኩት በሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?"

ዘነዘናውን ጥላ ተንበረከከች፤ ደም ያልነካውን ዱቄት በጥፍሯ ትለቅም ጀመር።

"ደሜን አስቁሚልኝ፣ እህቴ።"

"ዓሣው ይቅደም" አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።