የቃሪያው ጫፍ

ባሏ ሳይቀምስላት ቃሪያ በልታ አታውቅም። ጨጓራዋ አይችልማ! እሱ በረንዳው ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ከተከለው ቃሪያ ሁለት ቀጥፎ ይመጣና ጫፍ ጫፋቸውን ገመጥ ያደርጋል። የማያቃጥለውን ለእሷ ይሰጣታል፤ ሁለቱም ካቃጠሉ ግን ሁለቱንም ወደ ራሱ በኩል ስቦ፣ ሌላ ሊቀጥፍላት ወደ በረንዳው ይወጣል።

ከሞተ ወዲህ ተክሉን ታጠጣለች እንጂ አትቀጥፍም።

«ኧረ ልጄ፣ ቀልቶ ሊረግፍ እኮ ነው!» አሏት ጎረቤቷ እትዬ ውድነሽ፣ የተዝካሩ ማግስት።

«ማን ይቀምስልኛል ብለው ነው፣ እትዬ?»

«የሞተ አይቀምስ! ራስሽ ቅመሺ እንጂ።»

እሳቸው ሲሄዱ እልህ ያዛት። ሁለት ቃሪያ ቀጠፈች፤ የበረንዳውን በር ቀረቀረች፤ ቃሪያዎቹን ትሪው ላይ፣ በራሷ በኩል፣ ከሽሮው አጠገብ አስቀምጣ ጨው ልታመጣ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ስትመለስ ሁለቱም ቃሪያዎች ጫፋቸው ተገምጦ፣ ከባዶው ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

የበረንዳው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።