እሬት የገባበት ጭኮ

ጎረቤቴ ዘርፌ መቼም ወሬ አያመልጣትም፤ እኔም አልጠላም። «ፖላንድ የሚማሩት የእኛ ልጆች ለቤት ኪራይና ለቀለብ ብለው ምላሳቸውን ያከራያሉ አሉ» አለችኝ። ማሽን ነው አሉ፤ ጣዕሙን ከልጆቹ ወስዶ ለጃጁ ሀብታሞች ይሰጣል። ለተማሪ የተፈቀደው በቀን አራት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ይመለስላቸዋል።

እዚያው የምትማረውን የልጅ ልጄን ትንቢትን ብጠይቃት «አንቺን ያሳጣኝ እማምዬ፣ እኔ ሳህን ነው የማጥበው» ብላ ማለች።

እኔ ደግሞ ተንኮሌ አይለቀኝም። ጭኮ ስልክላት ያንን መራራ እሬት ለወስኩበት፤ ስትተፋው አይቼ ልስቅባት።

ትናንት በስልክ እያየኋት ቆረሰች።

«ዛሬ ሥራ የለሽም?»

«እሁድ አይደል እንዴ? ተኝቼ ነው የዋልኩት።»

አላመጠች፣ ዋጠች፣ ጣቷን ላሰች።

«ውይ እማምዬ፣ እጅሽ ይባረክ! ልክ እንደ ድሮው!»

ለመሳቅ የከፈትኩት አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ለካ ጣዕሙ በእረፍቷ ቀን እንኳ አይመለስላትም።

«ለፋሲካም ይኸንኑ ላኪልኝ» አለች ሌላ እየቆረሰች።

«እሺ ልጄ» አልኳት።