የጳጉሜ ልጅ

ሙሉብርሃን ራሱ የጻፈው የልደት መመዝገቢያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወሩን የሚያጣራበት መስመር ላይ እንዲቆም ቀይ ነጥብ አደረገበትና አስነሳው። ቆመ። ከዚያ መስመር በመስመር እያራመደ ተከተለው። ፕሮግራሙ ወሩ አሥራ ሦስት መሆኑን ሲያይ «የሌለ ቀን» ብሎ መዝገቡን ጣለው። ሙሉብርሃን አሥራ ሁለት ወር ብቻ ካለው የፈረንጅ ምሳሌ ሲገለብጥ ለካ ጳጉሜን ረስቷት ኖሯል!

እትዬ በዛወርቅ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ለዚህች ወረቀት ከደካ ቦንጋ ድረስ ሦስቴ ተመላልሰዋል፤ ሁለቴ «ኮምፒውተሩ ልጅዎን አያውቀውም» ብሎ የመለሳቸው እሱ ነው። አስተካክሎ የልደት ምስክር ወረቀቱን አተመላቸው።

«ይቅርታ እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤት ያስገቡታል።»

«ጳጉሜ ሦስት» የሚለውን በጣታቸው ዳበሱት፤ ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«የለም ልጄ» አሉት። «የሞቱን ወረቀት ስጠይቅ ‹መጀመሪያ የልደቱን ያምጡ› ብለውኝ ነው።»